ጠበል ገባበት የተባለው ባትሪ

አዲሷ መኪናችን ሦስት ወር እንኳን ሳይሞላት አርባ ፐርሰንት ላይ መሞት ጀመረች። አርባ ፐርሰንት ስልክ ላይ ቢሆን ግማሽ ቀን ያስወራል። የኛ መኪና ግን አርባ ስትደርስ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ ኤሊ ትበራለች፣ መኪናዋም እንደ ኤሊ መሄድ ትጀምራለች፣ ትንሽ ቆይተው ሁለቱም ይቆማሉ። ኤሊዋ ማስጠንቀቂያ ናት። እኔ መጀመሪያ ያየኋት ቀን ጌጥ መስላኝ «እያት፣ ስታምር!» ብዬ ለባለቤቴ አሳየኋት።

ከዚያ ቆምን። ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤታችን ብዙም ሳንርቅ፣ ጠዋት ሰው ሁሉ በሚሮጥበት ሰዓት። ባለቤቴ ሲኤምሲ ያለ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፣ እሷን ላደርስ ነበር። ከኋላችን የነበረው ሚኒባስ ወያላ ግማሽ ገላውን በመስኮት አወጣና፣

«ፋዘር! ፓወር ባንክ የለህም እንዴ?» አለኝ።

እኔ ሳቅኩ። ባለቤቴ አልሳቀችም። ቦርሳዋን አንስታ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችና እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ገባች። በሩን ብታላጋው ይሻለኝ ነበር።

እውነቷን ነው። አሮጌዋ የቤንዚን መኪናችን ታስላለች፣ ታጨሳለች፣ ግን ትሄዳለች። እሷን ሸጠን፣ ያለንን ሁሉ ጨምረን ይቺን እንግዛ ብዬ ወር ሙሉ የጨቀጨቅኳት እኔ ነኝ። የኤሌክትሪክ መኪና ደሞ ዋናው ነገሯ ባትሪው ነው። ባትሪው ተበላሽቶ ሻጮቹ በዋራንቲ አንቀይርም ካሉ፣ እኛ የቀረን ጎማ ያለው ሶፋ ነው። ስለዚህ የዚያኑ ቀን በክሬን አስጭኜ ወደ ሻጮቹ ሰርቪስ ጋራዥ ወሰድኳት።

ሰርቪሱ ሰሚት አካባቢ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ አንዲት ፈገግተኛ ልጅ ታብሌት ይዛ ትጠይቀኛለች። የት ነው ቻርጅ የምታደርጓት? ግጭት ደርሶባታል? ሌላ ሰው ነክቷታል? ሁሉንም በደንብ መለስኩ። ከዚያ፣

«ውሃ ገብቶባታል?» አለችኝ።

«ከጠበል በቀር ምንም አልገባባትም» አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እሷ እየሳቀች ጻፈች፣ እኔ እየሳቅኩ ፈረምኩ። በሦስተኛው ቀን ተደወለልኝ። ባትሪው ውሃ ስለገባበት ዋራንቲው አይሸፍነውም።

ነገሩን ላስረዳ። መኪናዋን በገዛን ሳምንት፣ አዲስ መኪና የገዛ ሰው እንደሚያደርገው፣ ሰፈራችን ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ወሰድናት። አንድ ሽማግሌ ቄስ ጣሪያዋን ጠበል ረጩልን። እኔ ስስታም ስለሆንኩ የፊት ክዳኗን ከፈትኩና «አባ፣ እዚህም» አልኳቸው።

«ሞተሩን ነው?»

«ሞተር እንኳን የላትም፣ አባ።»

«እንግዲያ ምኗን ልርጨው?»

«ያለውን ይርጩልኝ።»

አንድ እፍኝ ረጩ። በቃ። የኛ ጎርፍ ይቺ ናት።

በማግስቱ ቦሌ ወዳለው ዋናው መሥሪያ ቤታቸው ሄድኩ። ታች መኪና የሚሸጥበት በመስታወት የታጠረ አዳራሽ ነው፣ ላይ ማናጀሩ ይቀመጣል። ከኔ ትንሽ የሚያንስ፣ ረጋ ያለ፣ የወሎ ሰው። አክብሮ አስቀመጠኝ፣ ውሃ አስቀረበልኝ፣ ከዚያ በትሕትና አረደኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት እኮ ያመኑት። ፊርማዎም አለ።»

«ቀልዴን እኮ ነው።»

«ፎርሙ ላይ ቀልድ የሚል ቦታ የለም።»

«እሺ፣ ባትሪውን ከፍታችሁ አያችሁት?»

«ውሃ የገባበት ባትሪ አይከፈትም። አደጋ አለው።»

«ካልከፈታችሁት ውሃ መግባቱን በምን አወቃችሁ?»

«እርስዎ ነገሩን።»

ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝ፣ እንዲህ ያለ ክብ ነገር አይቼ አላውቅም። ዞሬ ዞሬ የምገባው የገዛ አፌ ውስጥ ነው።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

«ጠበል አልክ?»

«አልኩ።»

«ፎርም እየተሞላ?»

«እየተሞላ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ለቅሶ ቤት ስትቀልድ ታገስኩህ፣ የእህቴ ሽምግልና ላይ ስትቀልድም ታገስኩህ። አሁን ነገ ትሄዳለህ። እምቢ ካሉ ከነገ ወዲያም ትሄዳለህ። እስኪከፍቱት ድረስ ትሄዳለህ።» እስክሪብቶዋን አነሳች። «ስትሄድ ደሞ ዝም በል።»

ከመሥሪያ ቤቴ የዓመት ፈቃድ ወሰድኩ። ሌላው ሰው በፈቃዱ ሐዋሳ ይሄዳል፣ እኔ ቦሌ መኪና መሸጫ አዳራሽ ገባሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ሲከፈት እገባለሁ፣ ተወልውላ ከቆመችው አዲስ መኪና አጠገብ ያለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የኔኑ ዓይነት ናት፣ ቀለሟ ብቻ ይለያል። ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።

«ወንድሜ፣ ነድተሃታል? እንዴት ናት?» ይለኛል።

«ቆንጆ ናት» እላለሁ። እውነቴን ነው። «እኔ ባትሪው እምቢ ብሎኝ መጥቼ ነው።»

ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨምርም። ሰውየው ግን ከሻጩ ጋር ሲነጋገር ጥያቄው ሁሉ ስለ ባትሪ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ሻጮቹ ታገሱኝ። በሁለተኛው ቀን ወንበሬን ወደ ሽንት ቤቱ በኩል አዛወሩት፣ እኔ እዚያው መኪናዋ ጋ ቆሜ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ማኪያቶ አምጥተው «ጋሼ፣ ፎቅ ላይ ይመችዎታል» አሉኝ። ማኪያቶውን ጠጣሁ፣ ፎቅ ግን አልወጣሁም። እግሬ አብጦ ቤት ስገባ ባለቤቴ ሙቅ ውሃ በሳፋ አቀረበችልኝ። «ከፈቱት?» አለች። «አልከፈቱትም።» «እንግዲያ ነገ።»

በአራተኛው ቀን ቄሱን ይዤ ሄድኩ።

ልመናዬን ሲሰሙ አላንገራገሩም። «የረጨሁት እኔ አይደለሁ?» አሉና ጥላቸውን አነሱ። አዳራሹ ውስጥ ስንገባ ጥበቃው መስቀል ተሳለመ፣ ሁለቱ ሻጮች ተሳለሙ፣ መኪና ሊገዙ የመጡ ባልና ሚስት ሳይቀሩ ተሰለፉ። ማናጀሩ ከፎቅ ወረደ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና «እንደምን አደሩ አባታችን» ብሎ ወንበር ሳበላቸው።

አባ ጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ልጄ፣ መኪናዋን አበላሽተሃል ተብዬ ነው የመጣሁት።»

«ኧረ አባታችን! እርስዎን ማን ብሎ?»

«ወረቀቱ ነዋ። ውሃ ገባባት ይላል። ውሃውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እስቲ ንገረኝ፣ ባትሪ የሚባለው የት ነው ያለው?»

«ከስር ነው። ከወለሏ በታች።»

«እኔ የረጨሁት ከላይ ነው። ከስር ልግባ ብልም ጉልበቴ እሺ አይለኝም።» ትንሽ አሰቡ። «ክረምት መጣ እንበል እንግዲህ። ቦሌ ሚካኤል ጎርፉ ከጎማ በላይ ይወጣል። በዚያ ጎርፍ ትሄዳለች ብላችሁ አይደል የምትሸጧት?»

«አዎ፣ ትሄዳለች።»

«ጎርፉን የቻለች መኪና የኔን እፍኝ አቃታት?»

ሊገዙ የመጡት ባልና ሚስት ማናጀሩን ያዩታል። ሻጮቹ ባልና ሚስቱን ያዩዋቸዋል። እኔ ምላሴን በጥርሴ ይዤዋለሁ፣ ቢያንስ ሦስት ቀልድ መጥቶልኝ ነበር።

ማናጀሩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እሺ ጋሼ፣ ይከፈታል። ውሃ ከተገኘበት ግን ዋራንቲው አበቃ። ሁለተኛ አይመጡም።»

«ዓይኔ እያየ ከተከፈተ እስማማለሁ» አልኩ። ፈረምኩ። በዚህኛው ወረቀት ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ አንብቤ።

ሰኞ ሰሚት ሰርቪሱ ውስጥ መኪናዋን ወደ ላይ ሰቀሏት። ባትሪው ሲወርድ እንደ ትልቅ ፍራሽ ነው፣ አራት ሰው በጋሪ ተቀበለው። ማናጀሩም መጥቷል። ቴክኒሻኑ ክርን ድረስ የሚደርስ ወፍራም ጓንት አድርጎ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ይፈታል። ብሎኑ አያልቅም። ያን ጊዜ ነው መፍራት የጀመርኩት። የረሳሁት ዝናብ ይኖር ይሆን? መኪና አጣቢዎቹ ከስር በፓምፕ ረጭተዋት ቢሆንስ? ለባለቤቴ በምን አፌ እነግራታለሁ?

ክዳኑ ተነሳ። ቴክኒሻኑ የእጅ ባትሪ አበራ፣ ጥግ ጥጉን አየ፣ በነጭ ጨርቅ ጠረገና ጨርቁን ለማናጀሩ አሳየ።

«ደረቅ ነው። ዳቦ ቆሎ በለው።»

ከዚያ በመለኪያ እየነካካ ሄደና አንዱ ላይ ቆመ። ባትሪው ውስጥ በርከት ያሉ ሣጥኖች አሉ፣ ከነሱ አንዱ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ደካማ ነበር። እሱ ሲደክም ሌሎቹንም ይዞ ይቆማል።

«በዋራንቲ እንቀይርልዎታለን» አለ ማናጀሩ። «ዕቃው ሲመጣ እንደውላለን።»

«አይ» አልኩ። «ውሃ ገብቶበታል የሚለው ይሰረዝ፣ ዛሬ የታየው ይጻፍ፣ ማኅተም ይደረግበት።»

«ጋሼ፣ አያምኑንም?»

«አምናችኋለሁ። ማኅተም ያለበት ሲሆን ደሞ በጣም አምናችኋለሁ።»

ማኅተሙ ተመታ። ዕቃው ግን እስኪመጣ አምስት ሳምንት ፈጀ። ሰኞና ሐሙስ እየደወልኩ ስለምጠይቅ፣ መቀበያዋ ላይ ያለችው ልጅ በመጨረሻ «ሃሎ» ሳልል «ገና ነው ጋሼ» ትለኝ ነበር። አንድ ሐሙስ «መጥቷል ጋሼ!» ብላ ጮኸችብኝ፣ እሷም የተገላገለች መሰለኝ።

ሣጥኑ ተቀይሮ መኪናዋን ስረከብ ቻርጅ አታድርጉልኝ አልኩ። ከቴክኒሻኑ ጋር ሰሚትን፣ ጎሮን፣ ቦሌን ስንዞር ረፋዱ አለቀ። አርባን አለፍን። ሠላሳን አለፍን። ሃያ ላይ እሱ «ጋሼ፣ በቃኝ፣ ምሳዬን ልብላ» ብሎ ወረደ። እኔ ብቻዬን እየነዳሁ ሲኤምሲ ሄጄ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ እስኪለቀቁ ጠበቅኩ።

ባለቤቴ ወጣች፣ ገባች፣ ወደኔ ሳታይ ዳሽቦርዱን አየች። አሥራ ሰባት ፐርሰንት ይላል።

«ቻርጅ ሳታደርግ ነው የመጣኸው?»

«አዎ።»

ቀበቶዋን አሰረች። እኔ ወደ ቤት ልዞር መብራት ሳሳይ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«አያት ገበያ ሽንኩርት ጥሩ ነው አሉ» አለች።

አያት ከቤታችን በተቃራኒው ነው። ለመሄድም ለመመለስም ረጅም መንገድ ነው። ፊቷን አየሁ፣ የምሯን ነው። መብራቱን አጠፋሁና ወደ አያት ነዳሁ።