ጋሼ ሽኩርን ያባረረው ጨዋታ

አምና፣ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሊያልቅ ሲል ነው። ፕሪንተር ሲንጫጫ በሰማሁ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ቡታጅራ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ትምህርቱ ሲሰለቻቸው አንድ ጨዋታ አመጣሁ። ክፍሉ መሥሪያ ቤት ይሆናል፤ ሁሉም ዕጣ አውጥቶ የሥራ መደብ ይይዝና የመደቡን ሥራ በኮምፒውተር ይሠራል። “እውነተኛ አስመስሉት” አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው።

የሰው ኃይል ኃላፊነት ነጃት ለምትባል ጎበዝ ልጅ ደረሳት። የስንብት ደብዳቤ ጻፊ አልኳት። ስም ሲጠፋት በየቀኑ በር ላይ የምታያቸውን የጥበቃ ሠራተኛችንን፣ የጋሼ ሽኩርን ስም ጻፈች። የትምህርት ቤቱን አርማ፣ ቁጥር፣ ግልባጭ፣ ክብ ማህተም ሳይቀር ሠርታ አተመችው። እኔም ማህተሙን እንጂ ስሙን ሳላስተውል ጎሽ አልኳት። ወረቀቱን እዚያው ረስተነው ወጣን።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ በር ላይ ማንም የለም። የጋሼ ሽኩር ወንበር ላይ ቁልፎቹ፣ ፊሽካው፣ ባትሪውና የዝናብ ልብሱ ተደርድረዋል። አጠገቡ “ያስረከብኩት ንብረት” የሚል በእጃቸው የተጻፈ ዝርዝር አለ። ለካ የጽዳት ሠራተኛዋ ክፍሉን ስትጠርግ ደብዳቤውን አግኝታ፣ ስማቸውን አይታ ሰጥታቸዋለች።

ስልካቸው ዝግ ነው። ነጃትን ይዤ ቤታቸው ሮጥኩ። ባለቤታቸው “ወንድሙ ጋ አረቅጥ ልሂድ ብሎ ወጣ” አሉኝ። “የግፊት መድኃኒቱን እንኳ ጥሎ ነው የሄደው።” መድኃኒቱን ተቀብለን በባጃጅ ወደ መናኸሪያ በረርን።

የአረቅጡ መኪና ሞልቶ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል ደረስን። ጋሼ ሽኩር መስኮት ጥግ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ጨዋታ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው አልኳቸው። ማህተም ያለበት ወረቀት ደርሷቸው ምን ብለው ይጠይቁ ኖሯል? ነጃት እግራቸው ላይ ወደቀች። አነሷት፤ አልተቆጧትም። ከመኪናው ግን አልወርድም አሉ።

“በደብዳቤ ነው የወጣሁት። የምገባውም በደብዳቤ ነው።”

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ለርዕሰ መምህሩ ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋቸው። ዛሬውኑ እንደሚጻፍላቸው ቃል ሲገባላቸው ወረዱ።

ወደ ሥራ የሚመልሳቸውን ደብዳቤም የጻፈችው ነጃት ናት። ርዕሰ መምህሩ ፈርሞ ትክክለኛውን ማህተም ሊመታበት ሲል ጋሼ ሽኩር ወረቀቱን ወስደው ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

“ግልባጭ የሚለው ላይ ባለቤቴን ጨምሪልኝ፣ ልጄ። ትናንት ከነገርኳት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።”

ነጃት የባለቤታቸውን ስም ከነአባታቸው ስም ጻፈች።

በጨዋታው ዛሬም አስተምርበታለሁ፤ በኔ ክፍል ግን ከሥራ የሚሰናበት ሰው የለም። ጋሼ ሽኩር ይቅር ብለውኛል። ጠዋት በሩን ከፍተው “ደህና አደርክ መምህር” ሲሉኝ እኔ ነኝ እስካሁን ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ።