ድመቴን ጂኒ አልያዛትም

«ይቺ ድመት ጂኒ ይዟታል! ወይ በእናንተ ጸበል ወይ በእኛ ዱዓ» አለችኝ ዛሬ ጎረቤቴ ዘይነባ።

ድመቴ ከትናንት ጀምሮ መሬት ላይ እየተንከባለለች ትጮኻለች። ታክቶኛል።

በቅርጫት ይዣት እንስሳት ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። በሬ ያመጡት ገበሬዎች ሳቁብኝ። ይሳቁ።

«አብሽሩ እማማ፣ አልታመመችም፤ ወንድ ፈልጋ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «ግን ገና ልጅ ናት፤ አሁን ብታረግዝ ትጎዳለች። ጩኸቱ በሳምንት ገደማ ይተዋታል፤ ቆይቶ ደግሞ ይመለስባታል። እስክትጠና በር ዝጉባት።»

ዘጋሁ። ዘይነባ ግን «ኧረ ክፈቺላት፣ ታሳዝናለች!» ትለኛለች።

እኔን ሲድሩኝ «ገና ልጅ ናት» ብሎ በር የዘጋልኝ ሰው አልነበረም። አልከፍትም።

እናንተ ቤት ድመት እንዲህ ስትጮህ ምን ታደርጋላችሁ? ጻፉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት በእርጅናዬ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ግን አነበዋለሁ።