ቀይ ነጥብ ያልነበረበት ገጽ

በፍርድ ቤቱ ኮሪደር የሚያውቁት ሁሉ «ቀይ እርሳስ» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት በጥብቅና ሲኖር ያ እርሳስ ከኮቱ ኪስ ጠፍቶ አያውቅም። ቢሮው አንድ ልማድ ነበረው። ጸሐፊዋ ክርክር ስትተይብ በዓይን ያልታየ የፍርድ ውሳኔ ካጋጠማት የቁጥሩን ቦታ ባዶ ትተወውና ዳር ላይ ቀይ ነጥብ ታደርጋለች። እሱ ከመፈረሙ በፊት ያቺን ነጥብ ይፈልጋል። ካለች ወደ መዝገብ ቤት ይሮጣል፣ ከሌለች ይፈርማል። ጓደኞቹ ቢስቁበትም ግድ አልነበረውም፤ አንድም ዳኛ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎት አያውቅም።

ጸሐፊዋ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣች። በወንበሯ የተተካችው የገዛ ልጁ ናት፤ እሷም ጠበቃ፣ ያውም ጥድፊያ የምትወድ። ይዛው የመጣችው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ጉዳዩን ሲነግሩት ክርክሩን አሰማምሮ ቁጭ ያደርጋል። አባት መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ። የሳምንት ሥራ በግማሽ ቀን ሲያልቅ ሲያይ ግን ዝም አለ፤ ጉድ ያፈላውም ይኸው ዝምታው ነው።

ጉዳዩ የአንዲት ልብስ ሰፊ ነበር። እህቷ ስትሞት የሁለት ዓመት ሕፃን ተቀብላ ሰባት ዓመት አሳድጋለች። አሁን፣ የት እንደከረመ የማይታወቅ የሕፃኗ አባት ድንገት ብቅ ብሎ «ልውሰዳት» አለ። የጠበቃው ልጅ ጽሑፉን በማሽኑ አዘጋጀች። እሱ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገ፣ ቀይ ነጥብ አጣ፣ ፈረመ።

በቀጠሮው ቀን፣ ለችሎቱ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ የጠቀሳቸውን ሦስት ውሳኔዎች ቅጂ ሊይዝ መዝገብ ቤት ጎራ አለ። ሁለቱ ወጡ። ለሦስተኛው መዝገብ ያዡ ሁለቴ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ልክ ነው?»

«ምነው?»

«በዚህ ቁጥር ያለው የጭነት መኪና ሽያጭ ነው። ሕፃን የሚባል ነገር የለበትም።»

ክርክሩ የቆመው በዚያ ውሳኔ ላይ ነበር፤ ያሳደገ ዘመድ ከወላጅ ሊመረጥ እንደሚችል የሚናገር ዓረፍተ ነገር፣ በትምህርተ ጥቅስ ታጥሮ። ማንም ዳኛ አልተናገረውም። ያን ጊዜ ገባው፤ ማሽኑ ባዶ ቦታ መተው አያውቅም፣ የማያውቀውንም ሞልቶ ይሰጣል።

ልጁን ደረጃው ሥር አገኛትና ነገራት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«አባዬ፣ ተከራካሪዎቻችን እኮ አላዩትም። መልሳቸው ላይ ትንፍሽ አላሉም። በሁለቱ እንከራከር፣ ይቺን እንዳላየ እንለፋት።»

«ፊርማው የማን ነው?»

«ያንተ። ጥፋቱ ግን የኔ ነው። ብትናገር ዳኛዋ ጽሑፉን ብትጥለውስ? ልጅቷን ዛሬውኑ ቢወስዳትስ?»

ያለችው ሁሉ ሊሆን ይችላል። ፈርቶ ነበር፤ እንዲህ የፈራበትን ቀን አያስታውስም።

ልብስ ሰፊዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ከነጠላዋ ጫፍ ክር ትመዛለች። አጠገቧ ተቀመጠና የነጥቡንም የማሽኑንም ነገር አንድ ሳያስቀር ነገራት።

«እኔ የሰው ቀሚስ ሳልለካ ቆርጬ አላውቅም» አለች። «እርስዎ በልጄ ላይ ሳይለኩ ቆረጡ?»

«አዎ፣ ቆረጥኩ።»

ችሎቱ ሲጠራ ማንም ሳይጠይቀው ተነሣ። «ክብርት ዳኛ፣ ሦስተኛው ውሳኔ የለም። የጻፈው ማሽን ነው፣ ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከክርክሬ ይውጣልኝ።»

ልጁ ከኋላው ልትናገር ብድግ ስትል በእጁ አስቀመጣት። የአባትየው ጠበቃ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ «የቀረውስ በምን ይታመናል? በሙሉ ይጣልልን!» አለ። ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ ቀይ እርሳስን አየችው፣ ቆይታም አየችው።

«በዚህ ሥራ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ሠላሳ።»

«እንግዲያ የሚከተለውን ያውቁታል።»

ጽሑፉን በሙሉ ጣለችው፤ እሱንም ለጠበቆች ሥነ ምግባር ጉባኤ መራችው። አዲስ ጽሑፍ በአምስተኛው ቀን እስከ ቀትር እንዲገባ፣ ልጅቷም እስከዚያ ካሳዳጊዋ እንዳትለይ አዘዘች። ከቀትር አንድ ደቂቃ ካለፈ በቀረበው ማስረጃ ብቻ እንደምትወስን አስጠነቀቀች።

ቢሮ ሲገቡ ልጁ እያለቀሰች ማሽኑን ልታጠፋው ነበር።

«ተይው፣ ይጻፍ» አላት። «ከእንግዲህ ግን እሱ የጻፈው ቁጥር ሁሉ ገና ሳይነበብ ይነጠብበታል። ውሳኔውን በዓይንሽ አይተሽ ስትመለሺ በላጲስ ታጠፊዋለሽ።»

ጽሑፉ ኩፍኝ የወጣበት መሰለ። አራት ቀን ሙሉ አባትና ልጅ መዝገብ ቤት ከረሙ፤ ሁለት ቁጥሮች ውሸት ሆነው ተሰረዙ፣ የቀሩት አንድ በአንድ ተረጋግጠው ያለቁ መሰላቸው።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ወንበር ቢያቀርብላትም አልተቀመጠችም። ጽሑፉን ተቀብላ የገጾቹን ዳር ዳር፣ ስፌት በምትመረምርበት ዓይን አየች። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይቺስ?»

ቀይ ነጥብ ነበረች። አባትና ልጅ ተያዩ። ለቀትር የቀረው አንድ ሰዓት አይሞላም። ልጁ አፏን ከመክፈቷ በፊት እሱ ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

ለቀትር ሃያ ደቂቃ ሲቀር እያለከለከ ተመለሰ። ቅጂውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። እሷም ሳትቸኩል እስከ መጨረሻው መስመር አነበበች፣ ቁጥሩን ከቁጥሩ አስተያየች። ከዚያ ላጲሱን ራሷ አንሥታ ነጥቧን አጠፋች።

«አሁን ይፈርሙ» አለችው።