ትንሽ ሞተር አንሠራም ያሉኝ ሰዎች

ትናንት ጠዋት ፈጢራዬን ቆርሼ ገና ወደ አፌ ሳላደርስ የእህቴ ልጅ ሐያት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችብኝ። ሐያት ታይዋን ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። ጠዋት ባጃጅ ስትጠብቅ፣ ማታ ባጃጅ ስትጠብቅ ዕድሜዋ አለቀ፤ እሷም ይህንኑ ስታማርር የእኔ ዕድሜ አለቀ።

«አክስቴ፣ እዪውማ! እዪው አቦ!»

መነጽሬን ፈልጌ አየሁ። ሞተር ሳይክል ነው፤ እኛ በልጅነታችን ዶቅዶቄ የምንለው። ከላዩ አንዲት ቀጭን አጭር ልጅ ጥርሷን ገልጣ ተቀምጣለች። ታንኩ ላይ ያለውን ምልክት ሳየው ግን የቆረስኩትን ፈጢራ መልሼ ሳህኑ ላይ ጣልኩት። ስሙን እዚህ አልጠራም፤ ጠርቼ ማስታወቂያ አልሠራለትም። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው አሮጌ፣ ኩሩ ፋብሪካ ነው። አሁን፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ አነስ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ዋጋውም የሚቀመስ ሞተር ማውጣት ጀምሯል። ጅቡቲ ደርሷል፣ ድሬም ሊገባ ነው ይላል። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለሆነ ለሁሉም ሰው ይመቻል።»

«አሁን ነው?» ብዬ ጮኽኩ። «አሁን ነው እንዴ ዝቅ የሚለው? ያ አላህ!»

ሐያት ደነገጠች። «ግፊትሽ ነው አክስቴ? ኪኒንሽን ላምጣ?»

«ግፊቴ አይደለም፤ ንዴቴ ነው። ተቀመጪ።»

የድሬ ሰው ሲናደድ ይጮኻል፣ ቀዝቃዛ ነገር ይጠጣል፣ ይረሳል። ደግ ነን፣ ቂም አናውቅም ይባልልናል። ለሌላው እውነት ይሆናል። እኔ አንድ ንዴት አለኝ፤ ብዙ ነገር አልፎበታል፣ ግን አልወጣልኝም።

ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም። የክትባት ሥልጠና ጨርሼ ከዚራ ውስጥ አንድ ትንሽ የጤና መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ወደ ሁርሶ በኩል ባሉት መንደሮች እየዞርን ሕፃናትን እንከትባለን። አሮጌ መኪና ነበረችን፤ በረዶ የተሞላውን የመድኃኒት ሳጥን ጭኔ ላይ አድርጌ እሄዳለሁ። የግንቦትን ሙቀት ለድሬ ሰው አልነግረውም። ነፋሱ ራሱ ያቃጥላል፤ ጥርስህ ውስጥ አሸዋ ይንቀጫቀጫል። እኔ ግን ያንን መንገድ እወደው ነበር። ግራሩን፣ ከሩቅ የሚታየውን የግመል መንጋ፣ ስንደርስ የሚሰጡንን ጭስ ጭስ የሚል የግመል ወተት እወደው ነበር። መጋላ ያደገ ሰው ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም ሳይማር ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ እናቶቹ የሚያወሩት ከእኔ ጋር ነበር። ሌላው ሠራተኛ መርፌውን አይተው የሚሸሹት ሰው ነው፤ እኔን ግን «ሙና መጣች» ብለው ወጥተው ይቀበሉኛል።

በአንዱ መንደር አዴ ሐሊማ የምትባል ሴት ነበረች። እናቶቹን ሰብስባ የምታሰልፍልኝ እሷ ነበረች፤ የፈራችውን ትቆጣለች፣ የደበቀችውን ልጅ ከጉያዋ ታወጣለች። አብዲ የሚባል የልጅ ልጇን ታቅፋ አመጣችልኝ። ለሌላው ከተብኩት፤ ለኩፍኙ ግን ገና ጨቅላ ነበር።

«ትንሽ ከፍ ይበል፤ ተመልሼ እከትበዋለሁ» አልኳት።

«ወላሂ በዪ።»

«ወላሂ እመጣለሁ።»

ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ ወላልቃ ቆመች። መለዋወጫ የለም፣ ገንዘብ የለም ተባለ። ቆይቶ ከውጭ አገር በእርዳታ አንድ ሞተር መጣልን። ያ ፋብሪካ የሠራው፣ ጥቁር፣ ግዙፍ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር። ድሬ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱን ይዘው የሚታዩት ድሮ ሀብታም ነጋዴዎች ብቻ ነበሩ። መሥሪያ ቤታችን ግቢ ሲቆም ሰፈሩ ተሰብስቦ አየው።

አለቃችን አቶ ጌታነህ ከደጋ የመጣ ሰው ነው። እኛ ሽማግሌውንም አንተ ስለምንል ሁልጊዜ ይቆጣን ነበር፤ ይኸው እስካሁን አንተ እለዋለሁ። «ሞተሩን መንዳት የቻለ መንደሮቹን ይረከባል» አለ። «ያልቻለ ቢሮ ተቀምጦ መርፌ ይቀቅላል።» ዕጩዎቹ እኔና ተስፋዬ ነበርን። ተስፋዬ ረጅም፣ ቆንጆ፣ ጥሩ ልጅ ነው፤ ገጠር መውጣት ግን ሞቱ ነው። እኔ ደግሞ በጎረቤታችን አሮጌ ትንሽ ሞተር ደቻቱ ላይ መንዳት ተምሬያለሁ። ወንዙ ደረቅ ሲሆን የድሬ ሰው መንዳት የሚማረው እዚያ አሸዋ ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ከአዲስ አበባ የፋብሪካው ወኪል መጣ። በግንቦት፣ በድሬ ሙቀት፣ የቆዳ ጃኬት ለብሶ! ላቡ ካገጩ ይንጠባጠባል፣ አያወልቀውም። ሞተሩን ከማስረከቤ በፊት ነጂውን እፈትናለሁ አለ። ደንቡ አጭር ነው፦ ነጂው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ መሬት መንካት አለባቸው። ጣት ብቻ አይደለም፣ ሙሉ ውስጥ እግር። ወጣሁበት። የአንድ እግሬ ጣት ይነካል፤ ሌላው አየር ላይ ይንጠለጠላል።

«ዝቅ ያለ የለም?» አልኩት። «ከዚህ አነስ ያለ አትሠሩም?»

ሳቀ። ያንን ሳቅ አሁንም እሰማዋለሁ። «እመቤት፣ ይሄ ፋብሪካ ትንሽ ሞተር አይሠራም። ትንሽ ሞተር የሠራ ዕለት ስሙ ይረክሳል። ሰው ለሞተሩ ይመጥናል እንጂ ሞተር ለሰው አይወርድም።»

አቶ ጌታነህ ራሱን ነቀነቀ፤ ትክክል ነው ማለቱ። ፈተናው ለሳምንቱ ተቀጠረ።

አባቴ መጋላ ውስጥ ጫማ ሰፊ ነበር። ቤት ገብቼ እያለቀስኩ ነገርኩት። አባቴ ሲያዝን አይናገርም፣ መሣሪያውን ነው የሚያነሳው። እግሬን ለካ፣ የከባድ መኪና ጎማ ቆረጠ፣ ደረበው፣ ደግሞ ደረበው፣ ሚስማር መታበት። የድሬ ሰው ሁሉ የጎማ ጫማ ያደርግ ነበር፤ እንዲህ ያለ ግን ማንም አላደረገም። ሳደርገው ከአባቴ እኩል ሆንኩ።

«ደረስሽ?» አለኝ።

«ደረስኩ አባ!»

«በቃ። ይሄንን ጃኬታም አሳዪልኝ።»

ሁለታችንም ስለ ከፍታው ብቻ ነበር ያሰብነው። ያን ሳምንት መንደሮቹ በሙሉ የእኔ እንደሆኑ አድርጌ ነው የተኛሁት።

ፈተናው ደቻቱ ላይ ሆነ። ሥራ ፈትም ሥራ ያለውም ዳር ዳሩን ቆሟል፤ ዘይቱን ሻጮች እንኳ ቅርጫታቸውን ይዘው መጥተዋል። አባቴም ሱቁን ዘግቶ ጥግ ላይ ቆሟል። ተቀመጥኩ፤ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ያዙ። ወኪሉ ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አየ፣ ቀና አለ። «ንጂ» አለኝ።

አንደኛ ማርሽ በእግር ወደ ታች ተረግጦ ነው የሚገባው፤ ረገጥኩ፣ ገባ። ሄድኩ። ሰዉ አጨበጨበ። ሁለተኛውን ለማስገባት ግን የእግርህን ጣት ከማርሹ ሥር ሰድደህ ወደ ላይ ማንሳት ነው። ያ ሁሉ ጎማ እንዴት ብሎ ይገባል? ገፋሁት፤ ጫማው በማርሹና በእግር ማሳረፊያው መሃል ተወተፈ። እግሬ ወደ ላይም ወደ ታችም አልል አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ እኔ አጎንብሼ እግሬን እታገላለሁ፤ ቀና ስል የአንዱ ነጋዴ የሽንኩርት ክምር ፊቴ ነው። መሪውን ጠምዝዤ አሸዋው ላይ ተዘረርኩ።

ሳቁ! ድሬ ሲስቅ ታውቃላችሁ፤ አይራራም። «ለጫማዋ መንጃ ፍቃድ ስጡት!» አለ አንዱ። እኔ አላለቀስኩም። ንዴቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ጫማውን ከእግሬ መንጭቄ ወረወርኩት። የቆሙት ሞተሩን አነሱልኝ። በባዶ እግሬ፣ በዚያ በሚያቃጥል አሸዋ፣ ተንጠልጥዬ ወጣሁበትና አስነሳሁት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ! ደቻቱን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩት። ሳቁ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ ከዚያ እልልታ ሆነ። ተመልሼ ሰውነቴን ወደ ግራ ዘንበል አድርጌ፣ አንድ እግሬን መሬት ላይ ተክዬ፣ ወኪሉ ፊት ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። እንዲያ ነው አጭር ሰው የሚያቆመው። ሞተሩ ንቅንቅ አላለም።

ወኪሉ ወደ እግሬ አየ። «ሁለት እግር ነው ያልነው» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይን የለህም? አልነዳሁም?»

«ነድተሻል። ደንቡ ግን ሁለት እግር ነው።»

ወደ አቶ ጌታነህ ዞርኩ። ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። ቁልፉን ለተስፋዬ ሰጡት።

ተስፋዬ መጀመሪያ ላይ ሞክሯል፤ ውሸት አልናገርም። ሞተሩ አሸዋ ላይ እየሰመጠ አስቸገረው። ያ ሁሉ ብረት አንዴ ከተጋደመ ብቻውን አያነሳውም፤ መንገደኛ እስኪያልፍ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ መሄዱን ተወ። ሞተሩ ከዚራ ኬክ ቤት በር ላይ ቆሞ ሲያብረቀርቅ ነበር የሚውለው። እኔ መርፌ እቀቅላለሁ። በእግሬም ልሂድ፣ በጭነት መኪና ተሳፍሬም ልሂድ ብዬ ለመንኩ። «መድኃኒት ያለ መሥሪያ ቤቱ መጓጓዣ አይወጣም» አለኝ አቶ ጌታነህ። ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልላቸው ነው?

በዚያ መሃል ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ደቻቱም ሞልቶ ደረቀ። አንድ ቀን መጋላ ገበያ ውስጥ አዴ ሐሊማን ወተት ስትሸጥ አገኘኋት። ሮጬ አቀፍኳት። እሷ ግን እጇን አላነሳችም።

«አብዲስ?» አልኳት።

መንደራቸው ኩፍኝ ገብቶ ነበር። የወሰደው አብዲን ብቻ አልነበረም። እሷ ግን ስለ እሱ ብቻ ነገረችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውሃ ይል እንደነበር፣ ሲጠጣ ደግሞ ሆዱ ውስጥ እንደማይቆይለት። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ በተሻለኝ። «ሲ ኤግኔ» ብቻ አለችኝ፤ ጠበቅንሽ ማለቷ ነው።

ከገበያ በቀጥታ ቢሮ ሄጄ የአለቃዬን በር ሳላንኳኳ ገባሁ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። «እግር ለካችሁ! ልጅ ሲሞት እናንተ እግር ለካችሁ!» ማለቴን አስታውሳለሁ። ሥራውን ያን ዕለት ለቀቅሁ። አቶ ጌታነህ «በደንቡ ነው የሠራሁት» አለኝ፤ እስከ ዛሬም በደንቡ የሠራ ይመስለዋል ብዬ አስባለሁ።

ሐያት ይህን ሁሉ ስትሰማ ሻይዋ ቀዘቀዘ። ቀስ ብላ፣ «ታዲያ አክስቴ፣ ዘግይተውም ቢሆን ለእኛ ለአጭሮቹ አሰቡልን አይደል?» አለችኝ።

«ማን ነው ያሰበልሽ? ትልቁን የሚገዛው አረጀባቸው፣ ሞተባቸው። ገበያ ሲያጡ ነው አጭር ሰው መኖሩ የታያቸው። ያኔም እኮ እዚሁ ነበርን! ያኔም አጭር ነበርን!»

የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። አይቻልም ቢሆን ኖሮ አዝኜ እተወዋለሁ። ይቻል ነበር፤ መቀመጫ ዝቅ ማድረግ፣ ብረት መቀነስ፣ ይኸው ሠርተውት በስልክ ያሳዩናል። ስማችን ይረክሳል ብለው ነው የተዉት። አንዳችንም ግን ጥፋቱን ከሞተሩ አልፈለግነውም። እኔ ለዓመታት በመስታወት ፊት ባለፍኩ ቁጥር እግሬን ጠላሁት። አባቴማ የባሰ ነው። ሊሞት ሰሞን፣ አንዴ ሰው እየለየ አንዴ በማይለይበት ጊዜ፣ እጄን ይዞ «ሙኒ፣ ያን ጎማ ጫፉን ሳሳ ባደርገው ኖሮ ታልፊ ነበር» አለኝ። አባ፣ ጫማህ ምንም አላጠፋም አልኩት፤ ምዬ ነገርኩት። አላመነኝም። የአብዲን ነገር ያውቅ ስለነበር ያንንም በራሱ ላይ ጭኖ ነው የሄደው። ያ ጃኬታም ሰውዬ ግን በሰላም አዲስ አበባ ገብቶ እራቱን በልቷል።

ይህን ስነግራት ሐያት አለቀሰች። ከዚያ ስልኳን አጥፍታ «በቃ፣ አልገዛውም» አለችኝ።

«ማን አትግዢ አለሽ? ግዢው! ንጂው፣ ታይዋንም ሂጂበት፣ ሁርሶም ሂጂበት። አመስግኚ የሚልሽ ሰው ካለ ግን እኔ ጋ ላኪው።»