ጀርባዋን ሰጥታ ያበላችን ሴት

ትናንት ቆቦ ገበያ ውስጥ አዲስ የተተኮሰ ማሰሮ ሸተተኝ። የስልሳ ስድስቱ ረሃብ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ ከዋጃ በኩል ቆቦ ገባች። ወንድሜ ማልቀስ ትቶ ነበር። ከከተማው ዳር አንዲት ቤተ እስራኤላዊት ሸክላ ሠሪ ጓሮዋ ውስጥ በራሷ ማሰሮ፣ ከራሷ ማሽላ አጥሚት ታፈላለች። ብዙ ሰው ዙሪያዋን ተቀምጧል፤ ግን የሚጠጣ የለም። ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ያረፈበት ምግብ ይገድላል ይባል ነበር።

ሴትዮዋ አጥሚቱን በየቅሉ ቀድታ ፊቷን ወደ ቤቷ ግድግዳ አዞረች።

«አላያችሁም፤ ጠጡ» አለች። «ደግሞስ ጠኔ ጨርሶ በልቷችሁ፣ ለእኔ ምን ተረፈኝ?»

ማንም አልሳቀም። እናቴ የወንድሜን ከንፈር በጣቷ ነካች። ከዚያ ቅሉን አነሳች።

«እቴ፣ እንዳትዞሪ» አለቻትና ነጠላዋን በላያችን ጣለች። ነጠላው ውስጥ ወንድሜ ሲውጥ ሰማሁ። ወዲያው በዙሪያችን የብዙ ጉሮሮ ድምፅ ተነሣ።

በማግስቱ እናቴ እንጨት ለቀመችላት። የሴትዮዋ ዘመዶች ማሽላ አመጡ፤ ኋላም ክርስቲያኑም እስላሙም ያለውን ይዞ እየመጣ፣ አንዱ ማሰሮ ጓሮውን የሞላ ማብሰያ ሆነ። እሷ ግን ሰው ሲበላ አንድ ቀን እንኳ ከግድግዳው አልዞረችም። እናቴም አብራት እየሠራች፣ እኛ ስንበላ ነጠላዋን በላያችን መጣል አልተወችም።

ዛሬ ወንድሜ የልጅ ልጆቹን ያጫውታል። ያተረፈችውን ሴት ፊት ግን ሁለታችንም አናስታውሰውም።