የወንድሜ ጉርድ ፎቶ

ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ማሚ፣ ኢንላርጅ ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

በጦርነቱ ጊዜ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት አባባ ሾላ ገበያ አጠገብ ወዳለ ፎቶ ቤት ይዞኝ ሄደ። መስታወቱ ላይ «ጉርድ ፎቶ ኢንላርጅ እናደርጋለን» ይላል። ቃሉን በዚያው ሳምንት ተምረነው ነበር፤ እኔ ደግሞ የተማርኩትን ካልለፈለፍኩ አይሆንልኝም።

«ትልቅ ማድረግ ማለት ነው፣ አባባ!»

አባባ የዘመተውን የታላቅ ወንድሜን የጋሼን ጉርድ ፎቶ ከደረት ኪሱ አወጣ። ፎቶ ቤቱ ከማጠቢያው ኬሚካል የተነሳ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ፎቶ አንሺው አየት አደረገውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቱ ሰምተዋል?» አለ።

«አልሰማችም። ነገ ጎህ ሲቀድ ዘመዶች ይመጣሉ።»

እኔ ዘመዶቹ የሚመጡት ወንድሜን ሊቀበሉ መሰለኝ። አባባም እንዳልናገር አላስጠነቀቀኝም፤ ምንም እንዳልገባኝ አይቶ ይሆናል።

ቤት ስንደርስ እማዬ ደጅ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ሮጬ ሄጄ፣ «እማዬ! አባባ የጋሼን ፎቶ ኢንላርጅ ሊያስደርገው ነው! ይህን ያህላል!» ብዬ እጆቼን ዘረጋሁላት።

በዚያ ዓመት በሰፈራችን ጉርድ ፎቶ የሚያድገው ለለቅሶ ነበር። እሷ ታውቃለች። መጀመሪያ የተዘረጉትን እጆቼን አየች። ከዚያ ከኋላዬ የቆመውን አባባን። እስከ ዛሬ የሚሰማኝን ጩኸት የጮኸችው ያኔ ነው።

«ማሚ?» አለች ልጄ፣ እርሳሷን እንደያዘች።

እጆቼን ከጠረጴዛው ሥር ደብቄ፣ «ትልቅ ማድረግ» አልኳት።