በልብስ ሰፊ ሜትር የተለካ በረራ

የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ ከሰላምታ አልፌ አውቀዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ይህን ታሪክም የነገረኝ ሱሪዬን እያሳጠረ ነው።

ሚስቱ የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ ትሠራለች። መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና ወደ አንድ ሩቅ አገር ከተማ ሊልካት ሲል ሰውየው እንቅልፍ አጣ። የድሮ እጮኛዋ ደግሞ ሌላ ሩቅ ከተማ ይኖራል። ከሥልጠናው ከተማ እስከ ድሮ እጮኛዋ ከተማ በአውሮፕላን ምን ያህል ይርቃል የሚለው ሐሳብ አላስቀምጠው አለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የልጁን የዓለም ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ በልብስ መለኪያው ለካ። አንዱ በካርታው ግራ ጫፍ፣ ሌላው በቀኝ ጫፍ ነው። ወደ ኪሎ ሜትር ሲቀይረው ርቀቱ አንጀቱን አራሰው።

ሚስቱ ከሥራ ስትገባ መለኪያውን ከከተማ ከተማ እንደዘረጋ አየችው።

"ቀናህ እንዴ?"

"እኔ? ጂኦግራፊ እያጠናሁ ነው።"

ሳቋን ለቀቀችው። "አንተ ሰውዬ፣ ምድርን እንደ ጨርቅ ዘረጋሃት እኮ! አውሮፕላን በዚህ በኩል አይሄድም።"

የልጁን ክብ የዓለም ሉል አምጥታ ክር ወጠረችበት። ክሩ ወደ ሰሜን ዋልታ ተጠግቶ በውቅያኖሱ ላይ አቋርጦ ከከተማ ከተማ ደረሰ፤ መንገዱ እሱ ከለካው ከግማሽ በታች ሆኖ ቁጭ አለ።

"ስምንት ሰዓት ብቻ የሚፈጅ በረራ ነው" አለች፣ ምንም ሳታሰላ።

የልብስ ሰፊው ፊት ጠቆረ። "የኔ እመቤት፣ ይሄን መንገድ ከዚህ በፊት ለክተሽው ነበር?"

ክሩን ጠቅልላ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና "እሱን አልነግርህም" አለችው።